ሞንትሪያል፣ ሁለት ሰከንድ

ቅዳሜ፣ ወር በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

የሚጢጢ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? ድምፅህ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ ስልክ በከፈትኩ ቁጥር እሰማዋለሁ። የምጠይቅህ ስለ ቀሪው ነው። በሰዓቱ ትበላለህ? ብርዱስ? እኛ አለን። አለን ማለት እንግዲህ፣ አለን።

የምጽፍልህ ከሥራ ቦታዬ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ የጥርስ ሐኪሙ የለም፤ እኔና ጀሶው ብቻ ነን። ፊት ለፊቴ የአንድ ጡረተኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የላዩም የታቹም፣ ሰም ላይ ተሰክቶ ሰኞን ይጠብቃል። ሰውየው ልኩን ሲሰጥ "አደራ የኔ ልጅ፣ ስስቅ እንዳይወልቅብኝ" አለኝ። በዚህ ዕድሜው የሚያስቀው ነገር ማግኘቱ ገረመኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁበት።

ጋዜጣ ላይ ያወጣኸውን ጽሑፍ አነበብኩት። እህትህ ናት ቆርጣ ያመጣችልኝ፣ እሷ የጻፈችው ይመስል ደረቷን ነፍታ። ያገራችን ሰው የሚኖርባቸውን የዓለም ታላላቅ ከተሞች በቀልድ አዳራሾቻቸው ማወዳደር! መቼም ምላስህ አይታማም። የለንደን ሰው እጁን አጣጥፎ "እስቲ አስቀኝ" ብሎ እንደሚቀመጥ፤ ኒው ዮርክ ላይ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሮጥክ በአንድ ቀን አራት ጊዜ መድረክ እንደምትወጣ፤ ሜልቦርን ላይ ሰው ከሳቀ በኋላ መጥቶ እጅህን እንደሚጨብጥ፤ ጆሃንስበርግ ላይ ሳቁ አላስቀምጥ ብሎት የጎረቤቱን ትከሻ እየደበደበ እንደሚነሳ። ጆሃንስበርግን አንደኛ አወጣኸው። ሞንትሪያልን መጨረሻ። "አዳራሹ ያማረ፣ ሕዝቡ ጨዋ፣ ሳቁ ግን በማንኪያ የሚሰፈር" ብለሃል። እኔ ልሙት፣ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጥ የነበረበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ባንተ ቀልድ ስስቅ ስንቴ ነው ከመውረጃዬ አልፌ የሄድኩት!

በእህትህ በኩል የላክኸውን አጭር ደብዳቤም አነበብኩ። "የሚቀጥለው ትርኢት በካሜራ ይቀረጻል፣ ትልቁ ዕድሌ ነው። ስለ ሚጢጢ አዲስ ነገር ላኪልኝ፣ የሄድኩበት ሁሉ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው" ትላለህ።

አዲስ ነገር። እሺ። አዲሱ ነገር ሚጢጢ መናገር ማቆሟ ነው።

መንተባተቧን ተወች ማለቴ አይደለም፤ ደስ እንዳይልህ። መናገሩን ነው የተወችው። ሦስት ወር ሊሞላት አራት ቀን ቀራት። ከኔ ጋር አትናገር፣ ከአስተማሪዋ ጋር አትናገር፣ ከድመቷ ጋር እንኳ አትናገር። በደወልክ ቁጥር "ተኝታለች፣ ጎረቤት ሄዳለች" ያልኩህ ውሸቴን ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነበር የምዋሸው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ሥራህ እንዳይበላሽ ብዬ። ሞኝነቴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍሏ ልጅ ቪዲዮህን አገኘው። የዳቦዋን። "ልጄን ዳቦ ግዢ ብዬ ላክኋት፤ ዳ-ዳ-ዳ-ዳ ስትል፣ ቃሉን ስትጨርስ ዳቦው ደረቀ" የምትለዋን። በማግስቱ አስተማሪዋ ጥያቄ ጠየቀቻትና ተነሳች። ገና አፏን ስትከፍት ክፍሉ በሙሉ "ደረቀ! ደረቀ!" አለ። ቁጭ አለች። በቃ፣ ያኔ እንደተቀመጠች ናት።

ያንን ወሬ የነገርኩህ እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ግን እንዴት አድርጌ እንደነገርኩህ ታስታውሳለህ? ባለሱቁ ሌሎቹን ደንበኞች "ቆዩ፣ ልጅቷ ትጨርስ" ብሎ አቆማቸው፤ እሷም ብቻዋን፣ ማንም ሳይሞላላት፣ "ዳቦ" ብላ ጨረሰች፤ ዳቦውን አቅፋ እየሮጠች መጣች፤ እኔም አለቀስኩ። እንዲህ ነው የነገርኩህ። አንተ ባለሱቁን ጣልክ፣ ሩጫዋን ጣልክ፣ እንባዬን ጣልክ፣ "ዳ-ዳ-ዳ"ውን ይዘህ ሄድክ።

ባለፈው ወር የንግግር ባለሙያዋ ዘንድ ልወስዳት ቦርሳዋን ሳስተካክል አንድ ወረቀት አገኘሁ። በማስመሪያ ተሰምሯል። በአንድ በኩል የከተማ ስም፣ በሌላው ቁጥር። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሥራ መስሎኝ ነበር። ለካ ልጅህ ቪዲዮዎችህን አንድ በአንድ ከፍታ፣ "ዳቦው ደረቀ" ካልክ በኋላ ሰው ስንት ሰከንድ እንደሚስቅ በስልኬ ስትለካ ከርማለች። ጆሃንስበርግ አሥራ አንድ። ኒው ዮርክ ዘጠኝ። ሜልቦርን ስምንት። ለንደን ስድስት። አንተ ጋዜጣ ላይ ካወጣኸው ተራ ጋር አንድ ነው፤ ሳትነጋገሩ ተስማምታችኋል። ሞንትሪያል፣ ሁለት።

ሞንትሪያልን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ከጎኑ "አንዲት ሴትዮ 'ታዲያ ምን አስቸኮላችሁ?' አለች" ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ደግሞ፣ "ሞንትሪያል ሩቅ ነው?"

ቪዲዮውን ከፍቼ አራት ጊዜ አየሁት። እውነት ነው፣ ከፊት ወንበር የአንዲት አሮጊት ድምፅ ይሰማል፤ ሳቁ ይቆማል። አንተም ወደ ሌላ ቀልድ ታልፋለህ። "ቀልዴን ገደለችብኝ" ብለህ በስልክ ያማረርክባት እሷን ነው። እኔ ግን ያቺን ሴትዮ ባገኛት ጉልበቷን እስማለሁ።

ያን ቀን ደብዳቤ ጀመርኩልህ። ከላይ እስከ ታች ስድብ ነበር፤ እንዲህ ያለ አባት፣ እንዲህ ያለ ባል፣ በልጁ ጥርሱን የሚያሳይ። ቀደድኩት። ባለፈው እሑድ ለምን እንደቀደድኩት ነው አሁን የምነግርህ፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው።

እሑድ ጠዋት ልብስ አስጥቼ ስመለስ ከመታጠቢያ ቤቱ ያንተ ድምፅ ይመጣል። ቪዲዮ ከፍታ ነው ብዬ አዘንኩ። ስልኩ ግን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። በሩ ሥር ቆምኩ። እሷ ናት። እሷ ናት የምትናገረው! ከመጀመሪያው "እንዴት ናችሁ ጎበዞች!" ጀምራ፣ ሳልህን፣ ትንፋሽህን፣ ነገር ልትጥል ስትል ድምፅህን ዝቅ የምታደርጋትን ሳይቀር፣ አንድ ቃል ሳይዛት፣ ውሃ እንደሚፈስ ትናገራለች። ከዳቦዋ ቀልድ ደረሰች። እዚያ ጋ ተንተባተበች፤ ግን የራሷ መንተባተብ አይደለም፣ ያንተ ነው። የሷ ከንፈሯን ገጥማ ዓይኗን ጨፍና ነው። ይሄኛው አፍ ተከፍቶ፣ ጮኽ ብሎ፣ አዳራሹ እስከ ጥግ እንዲሰማ ነው። "ዳቦው ደረቀ!" አለች። ከዚያ ለሕዝቡም እሷው ሳቀችለት፣ ቀስ ብላ፣ ረጅም አድርጋ።

ሦስት ወር የልጄን ድምፅ አልሰማሁም። የልብስ ቅርጫቱን እንዳቀፍኩ እንባዬ ይወርዳል። እና ሳቅሁ። አንተን አድርጋህ፣ ቁርጥ አንተን፣ ምን ላድርግ? ጥርስ ባዳ ነው። ክትክት ብዬ፣ ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ።

ውስጥ ዝም አለ። ቧንቧው ተከፈተ። ስትወጣ እጇ እርጥብ ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና አለፈች። "የኔ እናት፣ ባንቺ አይደለም፣ በአባትሽ ነው" አልኳት። ሰምታኛለች። ምን ለውጥ አለው? ጆሃንስበርግ ያለውም ሰው በሷ አልሳቀም እኮ፤ ባንተ ነው የሳቀው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ቀን ሙሉ በዚያ በር ሥር ቆሜያለሁ። ከቧንቧው ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። አንድ የቀራትን መናገሪያ የዘጋሁባት እኔ ነኝ፤ አንተም አይደለህ፣ የክፍሏ ልጆችም አይደሉ።

ስለዚህ በንጹሕ አፍ ልቆጣህ አልችልም። ልለምንህ ግን እችላለሁ። የዳቦዋን ቀልድ ተዋት።

ሌላም አለ። አውቅሃለሁ። የመታጠቢያ ቤቱን ስታነብ አንገትህ ቀና ብሏል። "ልጄ እኔን ሆና" ብለህ በልብህ ጀምረሃል። ከዳቦዋ ይበልጣል፤ እኔም አውቃለሁ፣ ጠፍቶኝ አይደለም። ብትናገረው አዳራሹ በሙሉ ይነሳልሃል። ሞንትሪያልም ሳይቀር ይስቃል፤ ያቺ አሮጊትም ትስቃለች። ያን ቀን ልጅህ የምትሄድበት ከተማ አይቀራትም። ይህን እያወቅሁ የጻፍኩልህ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው። ክፋቱ ይኸው ነው።

ና አልልህም። ብትመጣም ጆሮህን ቀስረህ ነው የምትመጣው፣ ያ ደግሞ ያስፈራኛል። ብቻ በሩን ስለቀየርነው፣ አሮጌው ቁልፍህ እንደማይከፍት እወቅ፤ አንኳኳ።

የምትረግጠው ምድር ይቅናህ። ብቻህን በሆንክበት ቦታ ሁሉ ክፉ አይንካህ።

እዚህ ጋ "ልጅህ ሰላም ትልሃለች" ብዬ መዝጋት ነበረብኝ። አላለችም።

የሚጢጢ እናት