ያቺ አጭር ሞተርህ

ይድረስ ለታዴዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ይባላል። አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ቁስቋም ካስቀመጥንህ ሰባት ወር ሞላህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ እስከ ትናንት ወዲያ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሏል። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ጥፋቱ ያንተ ነው።

የቤቱን ነገር ላስቀድም። ማህሌት ልጃችን ሥራ አግኝታ ሀዋሳ ገብታለች፣ ማታ ማታ ትደውላለች። የስፌት መኪናህን በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ። አንዳንዱ ደንበኛህ ሞትህን ሳይሰማ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ በር ያንኳኳል፤ መርዶውን የምነግረው እኔ ነኝ። እስካሁን አልለመድኩትም። ዶሮዎቹ ደግሞ ሞተርህ ላይ ማደር ጀምረዋል።

ሞተርህን ልሸጣት ነበር። የስፌቱ ገቢ ከቀረ ወዲህ ግቢው ጥግ ላይ አንዲት ክፍል አቁሜ ማከራየት አስቤ ነበር፣ ያለችን ቦታ ደግሞ እሷ የቆመችባት ብቻ ናት። ከዚያም በላይ ባየኋት ቁጥር ሆድ ይብሰኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የፊት ክፍላችን ውስጥ ስትሰፋ ትውላለህ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ቱታህን ለብሰህ እሷን ልትሠራ ብረት ሥር ትገባለህ። ሌላዋ ባሌን ሴት ነጠቀችኝ ትላለች፣ እኔን ግን የነጠቀኝ ዝገት ነው እያልኩ ለጎረቤት እቀልድ ነበር። ቀልድ ነው ብለህ ነበር የምታልፈው፤ የምሬን ነበር።

ገንዘብ ስለሌለህ የምትሰበስበው ሰው የጣለውን ነው። ሻንሲ የምትሉት አጥንቷ ከቆራሌው፣ መብራቷ ካሮጌ ታክሲ የተነቀለ፣ መቀመጫዋ ካረጀው ሶፋችን የተረፈ ቆዳ። የቤንዚን መያዣዋን በመዶሻ ስታቃና ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ሻንሲዋን በመጋዝ ቆርጠህ ያሳጠርክ ለት ግን መካኒኩ ጓደኛህ በየነ ጭንቅላቱን ያዘ። ያን የሚያህል ቁመት ይዘህ በዚህች ልትሄድ ነው ወይ አለህ። አንተ ጭራሽ መሪዋንም ወደ ኋላ ጎትተህ አስበየድከው። ልብስ ሰፊ ሲሳሳት ተርትሮ ይሰፋል፣ ብረት ግን አይተረተርም እያለ በየነ ስንት እሁድ አሾፈብህ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዕድሜውን ሙሉ ልክ ስቶ የማያውቅ ሰው እንዴት በገዛ ቁመቱ ይሳሳታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የመጨረሻውን ብሎን ባሰርክ ሰሞን ራሴን አመመኝ ብለህ ተኛህ፣ በዚያው ቀረህ። አንድ ቀን እንኳ አልነዳሃትም።

ትናንት ወዲያ በየነ ገዢ ይዞ መጣ። ሸጎሌ ከብት የሚነግድ ግዙፍ ሰው ነው። በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሮ ዞሮ አያት፣ ደባበሳት፣ ወደዳት። ሊሞክራት ሲቀመጥ ግን ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ሰውየው ቅር ብሎት ይቺ ለሰው የተሠራች አይደለችም ብሎ ሄደ።

እሱ ከወጣ በኋላ በየነ የኋላ ጎማዋን ሊያይ ፈለገና፣ እንዳትወድቅ ላይዋ ተቀምጬ ቀጥ አድርጌ እንድይዝለት ጠየቀኝ። ጥቁር ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ሁለቱም እግሮቼ መሬት ረገጡ። ታውቀኛለህ፣ እኔ ታክሲ ውስጥ እንኳ እግሬ ተንጠልጥሎ ነው የምሄደው። እጄን ስዘረጋ መሪው መዳፌ ውስጥ ገባ። ጣቶቼ ሳይንጠራሩ ፍሬኑ ላይ ደረሱ። ወገቤ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ የትም ቦታ የሚጎትተኝ ነገር የለም።

ክው ብዬ ቀረሁ። ታዴ፣ አብረን በኖርንበት ዘመን አንድ ቀን ሜትር አስጠግተህብኝ አታውቅም። ከበር ስገባ በዓይንህ ትለካኛለህ፣ ቀሚሱም ልክክ ብሎ ይመጣል። በየነ ቀና ብሎ አየኝና መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ለካ አልተሳሳተም አለ። እኔ መውረድ አቃተኝ።

ገና የተጋባን ሰሞን፣ ልጅ ሆኜ አጎቴ በሞተር ከኋላው አፈናጦ ከቁስቋም ቁልቁል ሲያወርደኝ፣ ምነው ከፊት ሆኜ የምነዳው እኔ በሆንኩ እል እንደነበር አጫውቼህ ነበር። ስቀን አለፍነው። እኔ ረስቼዋለሁ። አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ይዘኸው ኖርክ? እነዚያ እሁዶች ሁሉ ለኔ ነበሩ? ተናድጄብሃለሁ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ከጎንህ ቁጭ ብዬ ብሎን አቀብልህ ነበር እኮ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ሻይ ጥጄ እረሳለሁ፣ በር ከፍቼ ለምን እንደከፈትኩ ይጠፋኛል፣ በመሀል ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ።

አልሸጥኳትም። የስፌት መኪናህን እኛ መኝታ ቤት አስገብቼ የፊት ክፍሉን አከራያለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ በየነ ሊያስተምረኝ ተስማምተናል፣ መንጃ ፈቃዱንም አወጣለሁ። ጥቁር የለበሰች ባልቴት ሞተር ላይ ሲያዩ የዕድራችን ሴቶች ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትህም። ይበሉ፤ እኔም ብሆን እል ነበር።

አልረሳህም የኔ ጌታ። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ዳገቱን የምወጣው በእግሬ አይደለም፣ በሰው መኪናም አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አቆማትና ወዳንተ እገባለሁ፣ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ በየዓመቱ። ድምጿን ከሩቅ ትሰማለህ። ያን ጊዜ መደንገጥ ያንተ ተራ ነው።

ያንተው ብርቄ