እማዬ በአዛውንቶች ቤት ደጃፍ

ይድረስ በደሴት ላለኸው፣ ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ጊል-ማን፤

ነፋሱ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ለገበያ የሚሆነውን የባሕር አረም ስታወጣ ውኃው ምን ያህል እጅ እንደሚቆርጥ ስለማውቅ፣ እዚህ ውርጭ ባየሁ ቁጥር ጣቶችህ ትዝ ይሉኛል። እትዬ ማል-ሱንን ሳሉ ለቀቃት? ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደግሞ ከደህናም በላይ ናት፤ ይህን የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

በመከር ደውለህ፣ ሴኡል ውስጥ የኪራይ ቤት ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም፣ የባሕሩ ሥራ ጋብ ሲል መጥቼ እማዬን እወስዳታለሁ ብለኸኝ ነበር። ያኔ ወሬውን ወደ ሌላ አዞርኩት። ምክንያቱን አሁን ልንገርህ።

ዕጣው ደርሶን ስንገባ የነበረንን ደስታ ታውቃለህ። አዲስ ግቢ የሚገነባ ሁሉ ከቤቶቹ ከፊሉን ለከተማው ያስረክባል፤ ከተማውም አቅም ለሌለው በርካሽ ያከራያል። በዛሬዎቹ ግቢዎች ተከራይና ባለቤት ጎን ለጎን ስለሚደለደሉ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። የእኛ ግን ቀደም ብሎ የተሠራ ስለሆነ ተከራዮቹ ሁሉ መንገድ ዳር ባለው አንድ ሕንፃ ነን፤ በሩቁ እንታወቃለን።

እማዬ በገባን ሰሞን ትራሷን በብብቷ ይዛ ወደ ግቢው የአዛውንቶች መዋያ ቤት ሄደች። ወለሉ ይሞቃል፤ አሮጊቶች አበባ በተሳለበት ካርታ ሲጫወቱ ይውሉበታል። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ፕዮ ግን በሩ ላይ አስቁማ፣ አይቀየሙኝ፣ ይኸ የባለቤቶች ነው አለቻት። እማዬ ትራሷን ደጃፉ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ማታ የደነዘዘ እግሯን ሳሽላት ልቤ ተሰበረ፤ ወደ አንተ ልልካት ቆረጥኩ። አገርሽ ግቢ፣ እዚያ የሚያከብርሽ አለ ብላት፣ "በሩን ዘጉ እንጂ እኔን ማን ናቀኝ?" ብላ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱም ሄደች፤ ከዚያም በኋላ አልቀረችም። ወይዘሮ ፕዮ ትዕግሥቷ አልቆ፣ "እማማ፣ እኛ እኮ እዚህ የገባነው ገዝተን ነው" አለቻት። እማዬ ቀና ብላ አየቻት። "ቤቱንስ ገዝታችሁ ይሆናል፣ ልጄ። እርጅናን ግን ሁላችንም ተከራይተን ነው የምንኖርበት። አከራዩ ውጡ ያለን ቀን ባለቤትና ተከራይ ብሎ አይለየንም።"

ከባለቤቶቹ ወገን የሆነች ዶክ-ሊም የምትባል አሮጊት ከውስጥ ሰምታ ሳቋ አመለጣት። ካርታዋን ሰብስባ ወጣችና፣ ጨዋታ አዋቂዋ ውጭ ከሆነች እኔ ውስጥ ምን እሠራለሁ ብላ እማዬ ጎን ተቀመጠች። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሏት። ሞቃቱ ክፍል ወና ሆኖ፣ አሮጊቶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ደጅ ካርታ ሲጥሉ ግቢው ሁሉ አየ። ልጆቻቸው እናቶቻችን በብርድ ሊያልቁብን ነው እያሉ ኮሚቴውን ወጥረው ያዙት። ወይዘሮ ፕዮ የክፍለ ከተማውን ሰው ጠራች፤ እሱ ግን ደንቡ የጋራ ቦታን ለተከራይም ለባለቤትም እኩል እንደሚሰጥ፣ ኮሚቴውም ተከራዮችን ሳያማክር መወሰን እንደማይችል ነገራት። በሩ ተከፈተ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልህም። በእኛና በእነሱ ሕንፃ መካከል ያለው አጥር እንዳለ ነው፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ ይዞሩታል። ተከራዮቹ እኔን ወክለውኝ ስለ እሱ ከኮሚቴው ጋር እየተነጋገርን ነው። ወይዘሮ ፕዮም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዕድሜ ልኳን የለፋችበት ቤት ዋጋው እንዳይወድቅ ፈርታ ነው። ሰሞኑን ለክረምቱ ኪምቺያችንን በጨውና በበርበሬ ስናቦካ ጎመኑን ልታጥብ መጥታ፣ እማዬ ጨው አሳነስሽ እያለች ስታሾፍባት ዋለች።

ስለዚህ ጋሼ፣ ና፤ ግን እንግዳ ሆነህ ና። እማዬን ጓዝሽን ላዘጋጅ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ልጄ ናፍቆኛል" አለች፤ ትራሷን በብብቷ ይዛ እየተነሳችም፣ "ግን ትናንት ዶክ-ሊም በካርታ በልጣኛለች። አሁን ብሄድ ፈርታ ሸሸች ይላሉ።"

እትዬ ማል-ሱንን ጉንጯን ሳምልኝ። ለትልቁ ልጅህ፣ በጀልባው ላይ እንዳይቸኩል ንገርልኝ፤ ለትንሿ እማዬ ሹራብ እየሠራችላት ነው። ጎረቤታችሁን አቶ ማንግን፣ በሕይወት ካሉ ደግሞ መረብ ጠጋኟን አሮጊት፣ ኦክ-ሂ አልረሳቻችሁም በልልኝ።

አክባሪ እህትህ
ኦክ-ሂ
ሴኡል፣ ኅዳር ፳፬ ቀን