የቀኝ ትከሻዬ ጉዳይ

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 9 ቀን 1930 ዓ.ም.

ሰኞ ዕለት የሚያፈሰውን የሣር ክዳን ልጠግን ወጥቼ ወደቅሁ። ቀኝ ትከሻዬ እስካሁን እንደ በለዘ ነው። ስወድቅ ገበያ የነበረችው ባለቤቴ የሺ ጨው እያሞቀች በጨርቅ ቋጥራ ትተኩሰኛለች፤ ከዚያ በለጋ ቅቤ ታሸኛለች። ብትተወኝ ይሻለኝ ነበር።

ሕመሙስ ይሁን፤ ያስመረረኝ ሰዉ ነው። ጣልያኖቹ ቀኝ ትከሻው የበለዘ ወንድ ካገኙ ሰደፍ የመታው ተኳሽ ነው ብለው ይይዛሉ። ይህን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ከጣራ ወደቅሁ ስል ማንም አያምነኝም። ጎረቤታችን አባ ተክሌ ጠዋት ማር ይዘው መጡና በሹክሹክታ፣ «ስንት ጣልህ?» አሉኝ።

«እኔው ነኝ የወደቅሁ፣ አባ። ከጣራ።»

«ደግ፣ ደግ! ወንድ ልጅ እንዲህ ነው ምስጢር የሚጠብቅ» ብለው ባርከውኝ ወጡ። ወሬው ሳይመሽ ጋፋት ይደርሳል ብዬ ተቃጠልሁ።

ከሰዓት በኋላ የፈራሁት መጣ። የሰፈራችን ባንዳ ወታደሮች አስከትሎ ገባና ኩታዬን አስገለጠኝ። የሺ ጨርቁን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባንዳው ትከሻዬን አየ፤ ቀና ብሎ የተቀደደውን ክዳን አየና ሳቀ።

«ይሄ? ይሄ ጠመንጃ ቢያገኝ ወስዶ የሚሸጥ ነው። ከጣራ ነው የወደቀው፤ እንሂድ» አላቸው።

በአገሩ ያመነኝ እሱ ብቻ ነው።

ኮቴያቸው ሲርቅ የሺ ትክ ብላ አየችኝ።

«እውነትም ከጣራ ነው እንዴ?»

«ስነግርሽ አልሰነበትሁም?»

ቅቤውን ወደ ቅሉ መለሰችው።