የእታገኝ ጥቁር ድንጋይ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2006

ገበያ። ፀሐይ፣ አቧራ፣ ጫጫታ። የሸክላ ሠሪዋ የእታገኝ ማሰሮዎች ከሱቃችን እኩለ ቀን ሳይሆን አለቁ።

አንዷ ሴትዮ ማሰሮውን በጣቷ እያንኳኳች «ይሄማ ቀለም ተቀብቶ ነው የሚያብረቀርቀው» አለች። «ቀለም ከሆነ ይለቃል፣ ላሺውና እዪው» አልኳት። እማ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «ደንበኛ ላሺ ይባላል?» ሴትዮዋ ግን ሳቀችና ገዛች። ታዲያ ማን ነው ልክ?

ቀለም አይደለም። ድንጋይ ነው። ከየት እንደምታመጣው እታገኝ ለማንም አትናገርም። እማ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሷ እየገዛች እዚህ ሚዛን ከተማ ታመጣለች፣ አንድ ቀን እንኳን አልነገረቻትም።

ከሰዓት የድሮ ክፍሌ ልጆች ከማጠናከሪያ ሲመለሱ በሱቁ በር አለፉ። «ላምያ፣ መቼ ነው የምትመለሺው?» «መምህሩ ይቅርታ ሲጠይቀኝ» አልኩ። ኮርጀሻል አለኝ፣ አልኮረጅኩም፣ የፈተና ወረቀቱን ፊቱ ቀድጄ ወጣሁ። ይኸው አሥር ወር... እስካሁን እየወጣሁ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬ አሳየችኝ!

ከእማ ጋር ሸዋ ቤንች ከተማን አልፈን በእግር እሷ ቤት ደረስን። እማ እንደ ሁልጊዜው ደጅ ቆማ ተነጋገረች። ውሃ ሲቀርብላት «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለች። ሁሌ ጠጥታ ነው የምትመጣው። ሸክላ ሠሪ ቤት ውሃ አይጠጣም ይላሉ ሰዎቹ... የሠራችውን ማሰሮ ግን ቤታችን ወስደን ውሃ እንጠጣበታለን። እኔ ተቀብዬ ጠጣሁ።

እማ ስትመለስ እኔ ቀረሁ። ከክረምት ጀምሮ እንደዚህ እየቀረሁ ስማር ነበር። የመጀመሪያው ማሰሮዬ እሳት ላይ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ዛሬ በሰላም ወጣ። እታገኝ አገላብጣ አየችውና «ነይ» አለችኝ።

ከድልድዩ በታች ወንዙን ተከትሎ፣ ትልቁ ሾላ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ሽቅብ። ገደሉ ሥር ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ጉድጓድ አለ። ውስጡ ጥቁር። ግን የሚያበራ ጥቁር... ሲነኩት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ይሄን ፈጭታ ነው ማሰሮውን ሳይተኮስ የምትቀባው፣ ከዚያ በጠጠር እስኪያበራ ታሸዋለች።

«እናቴ ናት ያሳየችኝ። ለሷ ደግሞ እናቷ። ማሰሮ የማይሠራ ሰው አያይም።»

«እኔ እኮ የናንተ ወገን አይደለሁም እማማ። የጅማ ልጅ ነኝ።»

«ምላስሽን አይቼ ቢሆን አላሳይሽም ነበር። እጅሽን አይቼ ነው።»

አልናገርም አልኳት። ወላሂ አልኳት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

የድንጋዩ ጥቁረት ከእጄ አይለቅም። ወንድሜ ናስረዲን «ከሰል ሻጭ» እያለ ሲያበሽቀኝ ዋለ። ሄጄ የባጃጁን መሪ ጥግብ አድርጌ ዳሰስኩለት። አሁን ማን ነው ከሰል ሻጩ?

ሰኞ፣ ጥር 12

ምን አደረግኩ?

እንደሆነው ልጻፈው። ናስረዲን በባጃጁ አንድ እንግዳ ይዞ ሱቅ መጣ። ሰይፈዲን ይባላል። ከአዲስ አበባ ለማዕድን ጥናት የመጣ። ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ፀሐይ የበላው። ባትሪና እርሳስ ፈለገ፣ ሰጠሁት። ባትሪውን ገልብጦ አየና ሳቀ። የደስታ ሳቅ አይደለም።

«ቻይና። እርሳሱም ቻይና። ሁለቱም ውስጥ ያለው አንድ ነገር እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ምንድነው?»

«ግራፋይት። ጥቁር ማዕድን ነው። ከራሳችን መሬት ስለማናወጣ በዶላር እናስመጣዋለን። ዶላሩስ ከየት ይመጣል? ከናንተ ቡና።»

«ቡና ሸጠን እርሳስ እንገዛለን በለኛ።»

«አዎ! አንድ ቀን አንሸጥላችሁም ቢሉንስ? ፋብሪካው ይቆማል። ተማሪው በጣቱ ይጻፍ?» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ሦስት ሳምንት ይሄን ጫካ ዞርን። ምንም። እዚህ ምንም የለም።»

ምንም የለም ሲል ደሜ ፈላ።

«ማን ነው የለም ያለህ?»

«ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?»

«አቋርጫለሁ።»

«አ...» አለ።

አ ብቻ። ያቺ «አ» ናት ያጠፋችኝ። ከመሳቢያው እታገኝ ለልምምድ የሰጠችኝን ቁራጭ ድንጋይ አወጣሁ። የባትሪውን መጠቅለያ ወረቀት ዘርግቼ ስሜን ጻፍኩበት። ጥቁር፣ ወፍራም። «ይኸው እርሳስ። ቻይና አይደለም።»

ወረቀቱን አነሳ፣ በጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ከየት ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ስነግረው ደግሞ እንዴት እንደጣፈጠኝ! አንድ የተማረ ሰው አፌን እያየ ሲሰማኝ... ድልድዩን ነገርኩት፣ ሾላውን ነገርኩት፣ ወደ ግራ ሽቅብ አልኩት።

ወላሂ ብዬ አልነበር?

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሰይፈዲንንና ባልደረቦቹን ወደ ጉድጓዱ ወሰድኳቸው። እታገኝ ሌላ መንደር ለቅሶ ሄዳ ነበር። ብትኖርስ እመለስ ነበር? እንጃ።

ሰይፈዲን በመዶሻው ነካ ነካ አደረገና ልጅ ሆነ። መሬት ላይ ተቀመጠ። «ይሄ በቂ ሆኖ ከተገኘ ስንት ነገር መለመን እናቆማለን መሰለሽ?» ብረት የሚቀልጥበት ማሰሮ ሳይቀር ከዚህ እንደሚሠራ ነገረኝ። እሱንም ከውጭ ነው የምናመጣው። ውሸቱን አይደለም፣ ዓይኑን አይቻለሁ። ደስ አለኝ። ለሀገሬ አንድ ነገር ያደረግኩ መሰለኝ።

ስንመለስ ግን መንገዱን ሙሉ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የመጣሁት። ለምን?

እሑድ፣ ጥር 18

እታገኝ ጋ አልሄድኩም። ራሴን አመመኝ አልኩ። እማ ግንባሬን ዳሰሰችና «ምንም አልሆንሽም» አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እታገኝ ያለችበት ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ናስረዲን ወሰደኝ። ጉድጓዱ ዙሪያ ቀይ ጥብጣብ ተስቧል። ከላይ እስከ ታች ረጅም ቦይ ቆፍረዋል። ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም እንዳይደርስበት ተባለ።

እታገኝ ከኋላ ነበረች። ሸክላ ሠሪዎቹ ከኋላ ነው የሚቆሙት። እጇን አወጣች።

«ምን ልትሠሩበት ነው?»

ሰይፈዲን በትሕትና መለሰላት። ባትሪ፣ እርሳስ፣ ብረት ማቅለጫ ማሰሮ...

«ማሰሮ?»

«አዎ እናቴ፣ ማሰሮ። እስካሁን ከውጭ ነው የምናስመጣው።»

«ማሰሮ እኮ እኔ ነኝ የምሠራው። ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ባየ ጠረጴዛውን መታ። «እታገኝ! ይሄ የሀገር ጉዳይ ነው!»

«እኔስ የየት ሀገር ነኝ?»

ያኔ ማንም አልሳቀም።

ሰይፈዲን ነገሩን ሊያበርድ ብሎ... ምናለ ዝም ቢል! ወደኔ ጠቆመ። «ይቺን ልጅ ማመስገን አለብን። ቦታውን ያሳየችን እሷ ናት። ሀገር ታመሰግናታለች።» አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። እታገኝ ፊቴን አላየችም። እጄን ነው ያየችው።

ዘልዬ ተነሳሁ። «የኔ ያልሆነውን ነው የሰጠኋችሁ! እሷን ጠይቁ!» ባየ «ቁጭ በይ አንቺ ልጅ፣ አሁን ተመስግነሽ ምን ሆንሽ?» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ወጣሁ።

ከመውጣት ሌላ አልችልም?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

እታገኝ ጋ ሄድኩ። ብቻዬን፣ በእግሬ። ደጅ ቆሜ «እማማ እታገኝ» አልኩ። ወጣች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። ሦስተኛውን ማሰሮዬን ይዛ መጣች። «ይሄ ያንቺ ነው።»

ይቅርታ አልኳት። ሰማችኝ አልሰማችኝ... ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ነው።

ውሃ አልሰጠችኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

የእታገኝ ማሰሮዎች መጡ። ቀይ ናቸው። ፍዝዝ ያለ ቀይ። ሴቶቹ አንኳኩተው «የድሮው የለም?» ይሉና ይሄዳሉ። ጎረቤታችን የቻይና ብረት ድስት ደርድሯል፣ ፊትህን ታይበታለህ። ሁሉም ወደዚያ። እማ «ከሚቀጥለው ገበያ እኛም ብረት ድስት እናስገባ» አለች። እታገኝስ አልኳት። «እኔ ምን ላድርግ ልጄ? አንቺ አይደለሽ ያደረግሽው?» አለችኝ። አንዱን ቀይ ማሰሮ አንስቼ ማወልወል ጀመርኩ።

ሀገር ከውጭ እንዳትገዛ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ሚዛን ማሰሮዋን ከውጭ ገዛች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ዝናብ ገባ። አራተኛ ቀኑ። ሰይፈዲን በስብሶ ሱቅ ገባ።

«ድንጋዩስ?» አልኩት።

«ናሙናው ለምርመራ ሄዷል።»

«አዲስ አበባ?»

ጫማውን አየ። «ውጭ ሀገር። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ እዚህ የለም።»

ሳቅኩ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፣ ከዚያ እንባው ሳቁ ሲያልቅም አልቆመም።

«ሳቂ። እኔም ስልከው ስቄያለሁ» አለ። «ግን ላምያ፣ ከሆነ ቦታ መጀመር አለበት። አለበለዚያ የልጅ ልጆቻችንም እንደዚሁ ናቸው።»

«እና ከእታገኝ ይጀመር?»

ባትሪ ገዝቶ ሄደ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ገደሉ ተናደ። ቦዩ ውሃ ይዞ ይዞ... ጉድጓዱን ከነአፉ ደፈነው። ሰው አልነበረበትም፣ አልሐምዱሊላህ። ሾላውም ወድቋል አለ ናስረዲን። ዛሬ አልቀለደም።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ውጤቱ መጣ። ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ግን ንብርብሩ ስስ ነው። ለፋብሪካ አይበቃም። ለእታገኝ መቶ ዓመት ይበቃት ነበር።

ሰይፈዲን ሊሰናበተኝ መጣ። ቅጥነቱ... ሰውዬውም አሳዘነኝ።

«ሳንጠይቃት መቆፈራችን ጥፋት ነው። ንገሪልኝ።»

«ራስህ ንገራት።»

«መኪናው ሊነሳ ነው።»

«እሷም እኮ እጇን አውጥታ ጠብቃሃለች።»

ቀላ። ስልክ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። «እንደዚህ ያለ ድንጋይ ሌላ ቦታ አይጠፋም። ከሰማሽ ደውይልኝ። ለኔ አይደለም፣ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ችግሩም ይሄው ነው፣ እውነቱን ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ከሰኞ ጀምሮ አካፋ ይዤ እየሄድኩ ነበር። የተናደውን ልቆፍር። ጭቃ ብቻ። ስቆፍር ይናዳል፣ ስቆፍር ይናዳል። እታገኝ ከላይ ቆማ ታየኛለች። ማክሰኞም እንደዚሁ። ትናንት ተቀምጣ አየችኝ። ዛሬ ወረደች።

«ተይው።»

«አልተወውም።»

«ተይው አልኩሽ። ግትር ልጅ!» አካፋውን ቀማችኝ። እጄን ይዛ ገለበጠችው፣ ውሃ ቋጥሯል። ብዙ አየችው። ከዚያ «ነይ» አለች።

ያቺው «ነይ»። የታኅሣሥዋ።

ሌላ ቦታ አለ። እናቷ ሁለት ነው ያሳየቻት ለካ። ቆፋሪዎቹ እንዳይከተሏት ብላ እስካሁን አልነካችውም። ተከተልኳት። እየሄድን እየሄድን... ቆምኩ።

«እኔ እዚህ ልቅር እማማ።»

«ለምን?»

«ካላየሁት አልናገርም።»

ሳቀች። ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያዋ። «እጅሽስ?»

«እጄ ይጠብቃል።»

ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። የእግሯን ድምፅ ላለመስማት ጆሮዬን ሁሉ ያዝኩ። ቆየች። ስትመለስ ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራ ይዛለች፣ ከባድ ነው፣ ተቀብያት ተሸከምኩ። ቤት ስንደርስ ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ደገመችኝ።

የሰይፈዲን ወረቀት እዚሁ ደብተር ውስጥ ነው። አልቀደድኩትም። ሀገር ትፈልገዋለች፣ እሱ ያለው ልክ ነው። ሁሌ ቡና ሸጠን እርሳስ ልንገዛ ነው? አንድ ቀን የሚመጣ ሰው ይመጣል። ያ ሰው መጀመሪያ የእታገኝን በር ያንኳኳ፣ ውሃዋን ይጠጣ፣ እሷን ይጠይቅ። ከፈለገች ትንገረው። መንገሩ የሷ ነው።

የታኅሣሡ ገጽ ላይ ድልድዩን፣ ሾላውን፣ ግራውን ቀኙን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ግድ የለም፣ ያ አሁን ጭቃ ነው። የዛሬውን ግን አልጽፍም። ወዴት እንደሄደች አልጽፍም። ቆሜ ስጠብቃት ፊቴን ወዴት እንዳዞርኩ እንኳን አልጽፍም።