ሁለቱ የረዘሙ ቡሎኖች

ካውሃዮኪ፣ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1996

…ከዚያ አንቺ አጥሩን ዘለሽ፣ አንድ ጫማሽ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ እኔ ግን እዚያው እንደቆምኩ የሞተሩን ድምፅ ነበር የማዳምጠው።

ካይሱዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ሜይ ወሩ የመኪና ውድድር መግባቴን ይቅር በይኝ። ከጧት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ልጃችን ሄና ከሚጨሰው መኪና በመስኮት ስትወጣ አንቺ እሷን አየሽ። እኔ ያየሁት የሞተሩን ጎን ቀዶ የወጣውን ቢዬላ ነው። ፒስተኑን ይዞ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠው ያ ብረት፣ ከወገቡ ተሰብሮ። በዚያው ሳምንት ስዊድን እኅትሽ ዘንድ ሄድሽ።

ከዚያ በኋላ ተቀጥቅጠው የተሠሩ ጠንካራ ቢዬላዎች ገዛሁ። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቢዬላውን ይጎትተዋል፣ እሱን የሚያስረው ቡሎንም ይሳባል፤ ስንት ሺህ ጊዜ ተስቦ አንድ ቀን ወደ ልኩ አይመለስም። በአዲሶቹ ግን ሄና በጋውን ሙሉ ነዳች፤ ሁለቴም አሸነፈች።

ማሸነፏ ነው ጣጣው። ደንቡን ታውቂዋለሽ፦ ከውድድሩ በኋላ መኪናው በተቆረጠው ዋጋ ይቀርባል፣ የፈለገ ስሙን ሣጥን ውስጥ ይከታል፣ ዕጣ የወጣለት ይዞ ይሄዳል። አልሸጥም ያለ የመወዳደሪያ ፈቃዱን ይነጠቃል። ካለፈው እሑድ ውድድር በፊት ጎረቤታችን ታርሞ ቋሊማ መሸጫው ጋ አገኘኝና፣

«ኢልፖ፣ እሑድ ያችን መኪና ለልጄ እወስዳታለሁ» አለኝ።

«ዕጣው ከወጣልህ ነዋ!»

«የሚስቴንም የአማቴንም ስም እከታለሁ። ውሻዬም መፈረም ቢችል አልምረውም!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ ሞተሩን ፈታሁ። ጠንካሮቹን አውጥቼ የድሮዎቹን መለስኩ፤ የተሰበረውን ከወዳደቀ ሞተር ተካሁት። ቡሎኖቹን ስለካቸው ሁለቱ ረዝመዋል። የፀጉር ያህል ነው። የተሳበ ቡሎን ተመልሶ እንደማይታሰር ለሄና ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሰርኳቸው። ለአንድ እሑድ ይበቃሉ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ መኪናው የሰው ነው።

እሑድ ልትነዳ ስትል «ሞተሩ በደቂቃ ከስድስት ሺህ ዙር እንዳያልፍ፣ ዘይቱ አላማረኝም» አልኳት። ሰማችኝ። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች።

ሣጥኑ ሲከፈት ባዶ ነበር። ታርሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አርጅታለች፣ ወንድሜ» አለኝ። ሄና ግን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«የእኔው ናት አባዬ! በሚቀጥለው እሑድ አንተንም አልሰማም፣ እስከ መጨረሻው ነው የምረግጣት!»

የሚቀጥለው እሑድ ነገ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ከመኪናዋ አልራቀችም። ሞተሩን ልፍታው ብል ለምን ትለኛለች። ማክሰኞ ቁልፍ ይዤ ገባሁ፤ «ምነው፣ የሆነ ነገር ሰማህ እንዴ?» አለችኝ። አልሰማሁም ብዬ ወጣሁ። ጠንካሮቹ አልጋችን ሥር ናቸው፣ በአንሶላ ሣጥንሽ ውስጥ፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው። አንሶላዎቹ እንዳይነኩ ተጠንቅቄያለሁ።

አሁን ጋራዡ ውስጥ የመኪናዋ በር ላይ ቁጥሯን እየቀባች ታፏጫለች። ይህን ጽፌ ስጨርስ እነግራታለሁ። ለአንቺ ቀድሜ የጻፍኩት ከጻፍኩ በኋላ መተው ስለማልችል ነው።

መንገዱ ሳያዳልጥሽ፣ ምድጃሽ ሳይበርድ ክረምቱን በጤና ተሻገሪ። ለእኅትሽም ደግ ደጉን ያሰማት።

ያንቺው ኢልፖ

ፖስታውን ሳላሽገው፦ ነገርኳት። ብሩሹን እንደያዘች ሰማችኝ።

«እስኪመሽ ድረስ ቀይሬ እጨርሰዋለሁ፤ ነገ ትደርሻለሽ» አልኳት።

«ታርሞ መኪናዋን ወስዷት ቢሆን ኖሮ ትነግረው ነበር?»

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ምንም አልነበረበትም።

«ልጁ እኮ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አባዬ።»

ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋደመችው። ካፖርቷን ለበሰች። በሩ ተዘጋ።