የታረቀ በግ

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፦

እንዴት ከርመሻል? ባልሽስ? ሕፃኗስ ጥርስ አበቀለች? እኛ ከእኔ ጉልበትና ከእናትሽ ለቅሶ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትግርኛ ማንበብ ያደክመኛል ስላልሽ ይኸው እንደ ቢሮ ሰው በአማርኛ ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ ክስ አለኝ። የላክሽልኝ ሱሪ ኪሱ የሕፃን ኪስ ነው። እጄ ከገባ አይወጣም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ በትከሻዬ መለስኩ። ልብስ ሰፊውን አሳስሪልኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ወንድምሽን ኣሉላን ቁሓ መንገድ ላይ ወግቶ ገድሏል በተባለው በስብሓት ላይ ሌሎች ጥቃቅን ክሶች መጨመራቸውን ሰምተሽ፣ ኣኮይ፣ አጎቴ፣ ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ቂም ብለሽኛል።

ቂም ነው። መዋሸት ምን ያደርጋል።

ዐቃቤ ሕጉ ከየት አመጣቸው ብለሽም አትድከሚ። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። የሰፈር ሽማግሌ ሆኜ ያንን ልጅ ስንት ጊዜ ከሰው ጋር አስታርቄዋለሁ። ያለ መንጃ ፈቃድ ባጃጅ ሲነዳ የጎረቤታችንን የኣደይ ኣስካልን በግ ገጭቶ፣ ሥጋውን ቤቱ ወስዶ ጠብሶ በላ። ከምሰሶ መብራት ጠልፎ ጎረቤቱን ጨለማ ውስጥ ከተተ። የውኃ ወረፋ ላይ ሴት ሰደበ። ሁሉም እኔ ደጅ እሱ ጉልበት ስሞ፣ እኔ መርቄ ያለቀ ነገር ነበር። ያለቀውን ሁሉ ቆፈርኩት።

ኣደይ ኣስካል መጀመሪያ እምቢ አለችኝ። የኔ በግ ከሲታ ነበር፣ እሱ የተካልኝ የሰባ ነው፤ ደግሞስ ይህን ነገር ዳግም ያነሳ አይባረክ ያልከው አንተ አይደለህም ወይ አለችኝ። ያሰርኩት እኔ፣ የምፈታውም እኔ አልኳት። ሳቀች። ኣሉላ በልጅነቱ ግቢዋ ውስጥ ይጫወት እንደነበር ሳስታውሳት ግን ሳቋን ተወችና ፈረመች።

ክሱ ሲነበብ ችሎት ነበርኩ። ስብሓት ግድያው ሲነበብ እንደ ግንድ ቆሞ ሰማ። በጉ ሲጠራ ግን፣ ይሄማ ታርቀናል ብሎ ወደኔ ዞረና አለቀሰ። ያን ቀን ምሳዬን ጠግቤ በላሁ።

ገድሏል የሚለው ምስክር አንድ ነው፤ እዚያው መንገድ ዳር ያለው መጋዘን ጥበቃ ገብረመስቀል። ያየው ደግሞ የሚሮጥ ሰው ጀርባ ነው። በፊት፣ ጃኬቱ የስብሓት ይመስላል ይል ነበር። አሁን አሁን ጃኬቱን ትቶ ‹ይመስላል›ን ብቻ ይዟል። ትልቁ ምስማር ከላላ በትንንሾቹ ይያዝ ብዬ ነው።

ከደብዳቤሽ ያናደደኝ አንድ ነገር ነው። እሱ መሆኑን ካመንክ በጉ ለምን አስፈለገህ ያልሽው። ሕግ አስተማርንሽ፣ የተማርሽውን በኛው ላይ አዞርሽው። እኔ ፊደል የለቀምኩት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ቢሆንም የሕግ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ክስ በክስ ላይ መደረብ ይፈቀዳል። ዳኞቹ ሲያዩት የሰው በግ የበላ፣ መብራት የሰረቀ፣ ሴት የሰደበ ሰው ይዩ። እንዲህ ያለ ሰው ከምን ይመለሳል ይበሉ። እኔ ራሴ እንኳ በጉን ሳስብ ልቤ ይጠነክራል።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

የስብሓት እናት ናት። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ወንበር ላምጣ ብዬ ገብቼ ነው ይህችን የምጭርልሽ። ለልጄ ምሕረት ልለምን አልመጣሁም አለች፤ ገድሎ ከሆነ ይፈረድበት። የመጣሁት ስለ በጉ ነው፤ ያስታረቁን እርስዎ ነዎት፣ ዕርቁ ፈርሶ ከሆነ በአፍዎ ይንገሩኝ አለች። 

እናትሽ ገበያ ናት፤ ብትመለስ ምን እንደምላት አላውቅም። ድንጋዩን ከማጅራት የሚያወርደው የተበደለ ሰው ነው፤ ወጉ እንዲያ ነው። እሷም ደጃፌ ላይ እኔን እየጠበቀች ነው። ድንጋዩ ትልቅ ነው ጓለይ፣ ልጄ፣ ሴትዮዋም አርጅታለች።

ሕፃኗን ያሳድግልሽ፤ ቤትሽን ያሙቅልሽ፤ የወንድምሽን ነፍስ ይማርልን። ወንበሩን ትቼዋለሁ፤ ድንጋዩ ሁለት እጄን ይፈልጋል።

የእናትሽ ወንድም