ለጋሽ ኬን የዘገየው መርዶ

ብሬብሩክ፣ ሜልበርን
ጥቅምት 2009 ዓ.ም.

አባዬ፣ ከተለየኸን ይኸው ስምንት ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ ብጠይቅህ መልሱን የሚያመጣልኝ የለም፤ ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል። የሚረዝመውም አንድ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው።

እማዬ ደህና ናት። ቅዳሜ ጠዋት አሁንም ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች። እንቁላል ትቀቅላለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች፣ የሽርሽሩን ሳጥን አውርዳ ትሞላለች። ከዚያ የምንሄድበት እንደሌለ ትዝ ሲላት አንድ በአንድ መልሳ ታወጣዋለች። መኪናህን እኔ ነኝ የምነዳው። ወንበሩን ግን ወደ ፊት አላስጠጋሁትም፤ አንተ እንዳስተካከልከው ትቼ ከጀርባዬ ትራስ አድርጌ ነው የምቀመጠው። እማዬ ወገብሽን ትጎጃለሽ እያለች ትቆጣኛለች።

ሰንሻይን ዌስት ያለው ፋብሪካ አምስት ቀን ሙሉ ሲያደክምህ ሰንብቶ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሜን ሲተኛበት አንተ ካርታህን ዘርግተህ ትጠብቀን ነበር። የጥንት ወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ፣ እስር ቤት የነበረ የጥቁር ድንጋይ ሕንፃ፣ የገጠር ገበሬዎች ዓመታዊ ትርኢት፣ ያላሳየኸን የለም። በየግድግዳው የተጻፈውን ለእማዬ በአማርኛ ሳታነብላት አታልፍም ነበር። ትርኢቱ ላይ አንደኛ የወጣውን ያን ትልቅ ዱባ ታስታውሰዋለህ? እማዬ ዋጋውን ጠይቅልኝ ብላህ አንተም የምርህን ሄደህ ጠየቅህ። እኔ የማላውቃችሁ መስዬ በጎቹ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ያቺን እፍረቴን ዛሬ ባገኛት በጥፊ ነበር የምላት።

ሌላውን ቦታ አንዴ አይተን እናልፋለን። ከባላራት መንገድ ገባ ብላ ካለችው ትንሽ ከተማ ግን መላቀቅ አቃተህ። እዚያ ያለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ሙዚየም ሆኗል፤ በፈቃዱ የሚጠብቀው ኬን ደግሞ ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ ነው። ድሬዳዋ ባቡር ስትጠግን ማደግህን የሰማ ቀን ቱታ አውጥቶ ሰጠህ። ከዚያ ወዲያ እኔና እማዬ የምናየው ከአሮጌው የእንፋሎት ባቡር ሥር የወጣ አራት እግር ብቻ ሆነ። ጋሽ ኬን ብለህ ትጠራው ነበር። ትርጉሙን ስትነግረው በጣም ደስ ብሎት ደረቱ ላይ በሚለጥፈው ስም ላይ «ጋሽ» የምትለዋን ጨመረባት።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። በድንገት ስለሄድክብን ቀብርህ ላይ እሱን የጠራው ሰው አልነበረም። ሰማንያ ቀንህ እንደወጣ፣ ግንቦት ላይ፣ ልነግረው ብቻዬን ነድቼ ሄድኩ። ስደርስ መሰላል ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ጠርዝ ቀለም ይቀባል። ገና ሲያየኝ አባትሽስ አለኝ። እኔ ከታች ቆሜ ቀና ብዬ አየሁት። ልቡ ደካማ እንደሆነ አንተው ነግረኸኛል። እህል ይቅመስ አይቅመስ አላውቅም፤ ቢወድቅ የሚይዘው፣ ቢያለቅስ የሚያባብለው አጠገቡ የለም። መርዶ ደግሞ መሰላል ላይ ላለ ሰው፣ ያውም ብቻን ተሂዶ፣ አይነገርም። አፌ ቀደመኝና አገር ቤት ሄዷል፣ ደህና ነው አልኩት። እሰይ፣ በስንት ዓመቱ ብሎ ደስ አለው። ደስታው ነው የገደለኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደኝ። ነሐሴ ላይ ከጋሽ ኬን በአንተ ስም ካርድ መጣ። ባቡሩ ድኗል፤ ጥቅምት ላይ ከስንት ዓመት በኋላ ሊነሳ ነው፤ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ ስምህን ጽፌበታለሁ፤ ከአገርህ ቶሎ ተመለስ ይላል። እማዬ ምንድን ነው ስትለኝ የውሃ ቢል ነው አልኳት። ለእሷም ዋሸሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍም አልነበረኝም። ከሌላ ሰው ቢሰማስ? አንተን ሲጠብቅ እሱ ራሱ ቢሞትስ? ነግሬውስ ደረቱን ይዞ ቢወድቅስ?  ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኩ። ሁለት ቅዳሜ አውራ ጎዳናው ድረስ ነድቼ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ሆፐርስ ክሮሲንግ ጋሼ ታደሰ ቤት ሄጄ ሁሉንም አወጣሁት። ወዳጅህን ታውቃቸዋለህ፤ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ብቻሽን አለመንገርሽ ደግ፤ ስምንት ወር ሙሉ ሰው አለመጥራትሽ ነው ጥፋቱ» አሉኝ። ፈረንጅም ቢሆን ወዳጅ ወዳጅ ነው፣ በወጉ ይነገረዋል ብለው ኮታቸውን አነሱ። ለእማዬም ያኔውኑ ነገርናት። አልተቆጣችኝም። እንቁላል ስንት ልቀቅል ብቻ ነው ያለችው።

ባለፈው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሳን።  በስልኬ ለጣቢያው የሚቀርበው ሆስፒታል የት እንደሆነ አስቀድሜ ፈልጌያለሁ። ጋሼ ታደሰ አስቀምጠነው፣ እህል አቅምሰነው፣ ከዚያ እኔ እናገራለሁ እያሉ መንገዱን ሙሉ ደጋገሙት። ስንደርስ በሩ ገና አልተከፈተም። ሦስታችንም ጥቁር ለብሰን ተደርድረን ቆምን።

ጋሽ ኬን ቁልፉን እያንሿሿ መጣ። ሦስታችንንም አየ። ሌላ ሰው ይወጣ እንደሆነ ብሎ መኪናውን አየ። ማንም አልወጣም። ቆቡን አወለቀና አግዳሚው ወንበር ላይ በቀስታ ተቀመጠ። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ሳይጀምሩ እሱ ቀደማቸው።

«ጠዋት ነው፤ ተሰብስባችሁ ነው የመጣችሁት» አለ። «አባትሽ ነግሮኛል፣ በእናንተ አገር እንዴት እንደሚነገር።»

ለካ ከባቡሩ ሥር ተኝታችሁ ብሎን ስትፈቱ ሁሉን አጫውተኸዋል። እሱም እየሳቀ፣ አንተ ብትቀድመኝ ለእኔ ማን ይነግረኛል ብሎ ጠይቆህ ነበር። ምን ብለህ እንደመለስክለት ነገረኝ።

«ልጄ ሰው ይዛ ትመጣለች።»

አባዬ፣ ቀብርህ ላይ እንደዚያ አላለቀስኩም። የግንቦቱን ውሸት ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት። እጄን ያዘኝ። ቆይቶ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞረና ስንት ቀን ነው የምቀመጠው አላቸው። ሦስት አሉት። ተነስቶ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀለና ተመልሶ መሀላችን ተቀመጠ። እማዬ ሳጥኑን ከፍታ አንድ እንቁላል ላጠችና እጁ ላይ አደረገችለት። የዚያን ቀን ሳጥኑ ባዶውን ተመለሰ። እሁድና ሰኞም፣ ብቻውን አይቀመጥም ብላ ይዛን ሄደች፤ እኔ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ።

ባቡሩ የሚነሳው ነገ ነው። ስምህን ከወንበሩ ላይ አላነሳውም ብሏል፤ አንቺ ተቀመጪበት አለኝ። አሁንም ፈራ ተባ እያልኩ ነው፤ ፉጨቱን ስሰማ ምን እንደምሆን አላውቅም። ግን እቀመጣለሁ። በየጣቢያው የተጻፈውን ለእማዬ በአማርኛ አነብላታለሁ፤ ሳላነብላት አላልፍም። ቅዳሜያችንንም ከእንግዲህ አልዘጋውም።

ዛሬ የመኪናህን ወንበር ወደ ፊት አስጠጋሁት። ትራሱን አወጣሁት። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጋሼ ታደሰንም ከሆፐርስ ክሮሲንግ እንወስዳቸዋለን። ነገም ሰው ይዤ ነው የምሄደው።

ልጅህ፣ ሰብለ